ዕንቁ፣ ሉልና ፈርጥ፤ የጥንት ፈረንሳይ ቀለበት በአማርኛ ስያሜ ሲፈተን

1. መነሻ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ደብረ ሲና የሚኖሩ ወንድምና እኅት ከእናታቸው የወረሱትን አንድ ቀለበት፣ ከቀለበቱም ጋር ተጣጥፎ የኖረ አንድ የፈረንሳይኛ ወረቀት ይዘው ወደዚህ ጽሑፍ አቅራቢ መጥተው ነበር። ወረቀቱ ቀለበቱ በ1900 እ.ኤ.አ. ግድም ፈረንሳይ አገር መሠራቱን የሚገልጽ፣ የማዕድኑን ዓይነትና የፈርጦቹን ስም የሚዘረዝር የግምት ሰነድ ነው። ውርሱን የሚያካፍሉት ሽማግሌዎች እንዲያነቡት ወረቀቱ ወደ አማርኛ እንዲመለስላቸው ጠየቁ። የአንድ ሰዓት ሥራ መሰለኝ። በቀለበቱ መካከል ላለው ድንጋይ ፈረንሳይኛው ኦፓል ይላል፤ ሽማግሌዎቹ ቃሉን አያውቁትም ብዬ «ዕንቁ» አልሁት። በዙሪያው የተደረደሩትን አሥራ ሁለት ግማሽ ሉሎችም፣ በተለመደው አተረጓጐም ፔርል ዕንቁ ነውና፣ «ዕንቁ» አልኋቸው።

ሽማግሌዎቹ የተጻፈላቸውን አነበቡ፤ ዕንቁዎቹንም ቆጠሩ። አሥራ ሦስት ሆኑ። ክፍፍሉ እኩል ይሁን ተብሎ ስድስቱ ለአንዱ፣ ስድስቱ ለሌላው፣ አንዱ ዕንቁ ደግሞ ተሽጦ ዋጋው ለሁለት እንዲሆን ፈረዱ። ቀለበቱም ፈርጦቹ እንዲነቀሉ ወደ አንድ አንጥረኛ ተላከ። አንጥረኛው መንቀያውን ከማንሳቱ በፊት አንድ ጥያቄ ጠየቀ፤ «ዕንቁ የምትሉት ከባሕር የወጣውን ነው ወይስ ከድንጋይ?» የሚመልስለት ስላልነበረ ቀለበቱን ሳይነካ መለሰው። እኅትና ወንድሙም ጥያቄውን ይዘው ወደ እኔ ተመለሱ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን ስሕተት መነሻ አድርጎ፣ በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ የተሠሩ የፈረንሳይ ቀለበቶች የሚገለጹባቸው ሙያዊ ቃላት በአማርኛ እንዴት ሊሰየሙ እንደሚችሉ መመርመር ነው። ጉዳዩ የጥቂት ባለጠጎችን ጌጥ ብቻ የሚመለከት እንዳይመስል አስቀድሞ መናገር ይገባል። ከደብረ ሲና ሽቅብ በጣርማ በር ወጥቶ ወደ መንዝ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በመዘዞ አካባቢ ኦፓል ከመሬት ይወጣል። ቃል አጥቼለት «ዕንቁ» ብዬ ያለፍሁት ድንጋይ ዓይነቱ የአገሩ ልጅ ነው።

2. ዕንቁ፣ ሉል፣ ፈርጥ

ዕንቁ በግእዝ «ዕንቍ» ሲሆን ክቡር ድንጋይን በጠቅላላው ይሰይማል። ከባሕር የሚገኘውን ለመለየት ሲፈለግ ግን ግእዝ «ዕንቈ ባሕርይ» ይላል። ስሙ ጠቅላላ ነው፤ ዘርፉ ዓይነቱን ይለያል። አማርኛ ዕንቁን ሲወስድ ዘርፉን በአብዛኛው ስለተወው ለጠቅላላውም ለልዩውም የሚያገለግለው አንድ ቃል ሆነ። እንግዲህ አንጥረኛው የጠየቀው ጥያቄ አዲስ አይደለም። ግእዝ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ጠይቆ የመለሰውን ነው እርሱ መልሶ የጠየቀው።

አማርኛ ለባሕሩ ዕንቁ «ሉል» የሚል ሌላ ስም አለው። ሆኖም ሉል በትምህርት ቤት አማርኛ የምድርን ክብነት ለመግለጽ ስለዋለ፣ ዛሬ «ሉል» ሲባል ብዙ አንባቢ የሚያስበው ካርታ የተሣለበትን ድቡልቡል ነገር ነው። ይህ ቃሉን ለመጣል በቂ ምክንያት አይሆንም። በጌጣጌጥ ጽሑፍ ውስጥ ዐውዱ ራሱ ፍቺውን ያቀናዋል። ጥርጥር ሲኖር «የባሕር ሉል» ማለት ይቻላል።

ፈርጥ ከሁለቱ ይለያል። ዕንቁና ሉል ነገሩ ምን እንደሆነ ሲናገሩ፣ ፈርጥ የት እንደተቀመጠ ይናገራል። በቀለበት ላይ የገባ ተራ ብርጭቆ ፈርጥ ነው፤ በመሐረብ የተቋጠረ አልማዝ ግን ገና ፈርጥ አልሆነም። «የኪነ ጥበብ ፈርጥ» የሚለው ዘይቤያዊ አነጋገርም የተመሠረተው በዚሁ ነው፤ ሰውዬው በቦታው ተቀምጦ ያበራል ማለት ነው። ስለዚህ ተርጓሚ የድንጋዩ ዓይነት ካልተገለጸለት «ፈርጥ» ቢል አይሳሳትም፤ «ዕንቁ» ቢል ግን ዋጋ ይጨምራል።

የድንጋዮችን ነጠላ ስም ለማግኘት ብዙዎቻችን ወደ መጽሐፍ ቅዱስ እንሄዳለን። በኦሪት ዘፀአት የካህኑ ልብስ ድንጋዮች፣ በዮሐንስ ራእይ ደግሞ የከተማይቱ መሠረቶች ተዘርዝረዋል፤ ሰርድዮን፣ ቶጳዝዮን፣ ሰንፔር፣ ያክንት፣ አሜቴስጢኖስ፣ ቢረሌ፣ መረግድ፣ ኢያስጲድ የሚሉት ስሞች ከዚያ የምናገኛቸው ናቸው። ይህ ታላቅ ሀብት ነው፤ ነገር ግን ሳይመረመር ወደ ዘመናዊ ጽሑፍ መዛወር የለበትም። የጥንቶቹ ሰንፔር የሚሉት ዛሬ ላፒስ ላዙሊ የምንለውን ሰማያዊ ድንጋይ ሳይሆን እንደማይቀር፣ ቶጳዝዮን የሚሉትም ዛሬ ፔሪዶ የሚባለውን አረንጓዴ ድንጋይ እንደነበረ ሊቃውንት ያስረዳሉ። መረግድ ግን ከግሪኩ ስማራግዶስ የመጣ ስለሆነ የፈረንሳዩ ኤምሮድ ወንድም ነው፤ ሁለቱ ቃላት በተለያየ መንገድ ተጉዘው በአንድ አረንጓዴ ድንጋይ ላይ ተገናኝተዋል። አልማዝም እንዲሁ ከዐረብኛ ይምጣ እንጂ ሥሩ የፈረንሳይኛውን ዲያማን ያስገኘው የግሪክ ቃል ነው። እንደነዚህ ያሉትን ያለ ሥጋት መጠቀም ይቻላል።

3. የጠቢባን ቃላት ለምን አልተመዘገቡም?

ቀለበት፣ አምባር፣ አልቦ፣ ድሪ፣ ጉትቻ፣ ሎቲ የሚሉት የጌጥ ስሞች በመዝገበ ቃላቶቻችን በሚገባ ገብተዋል። ጌጡን የሚያስገኙት የሥራ ቃላት ግን እምብዛም አይገኙም። ወናፍ፣ መስፍ፣ ጉጠት፣ መዶሻ፣ ሞረድ ይገኛሉ፤ ቀጭን የብር ሽቦ ተጠማዝዞ በጌጥ ላይ የሚበየድበትን አሠራር፣ ወይም ብሩ ቀልጦ ቅንጣት ቅንጣት ሆኖ የሚደረደርበትን ጥበብ ደረጃ በደረጃ የሚገልጹ ስሞች ግን በጽሑፍ ስለማይገኙ ተርጓሚው በሐተታ ለማለፍ ይገደዳል።

ምክንያቱ የቋንቋው ድኽነት አይደለም። መዝገበ ቃላት አዘጋጆቻችን በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉ ሊቃውንት ነበሩ፤ የብረትና የብር ሠሪዎች ቤት ደግሞ ለረጅም ዘመን የተናቀና የተፈራ ቤት ነበር። በሰሜን ሸዋ የእጅ ባለሙያው «ጠይብ» ይባል የነበረው «ጠቢብ» ከሚለው ቃል ነው። ጥበበኛ ማለት የነበረው ስም ስድብ ሆኖ ሲወርድ ማየት ለፍቺ ለውጥ አጥኚ ትልቅ ምሳሌ ነው። ዳግማዊ አጤ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ በ1900 ዓ.ም. ማውጣታቸው ስድቡ ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደነበረ ያመለክታል። የሰደብነውን ሰው ቃል አልመዘገብንም፤ ጉድለቱ ዛሬ በትርጉም ጠረጴዛ ላይ ይታያል።

4. የፈረንሳይኛው ስያሜና ወጥመዶቹ

በመጀመሪያ የዘመን ስሞችን እንመልከት። በፈረንሳይ ከ1890 እስከ 1910 እ.ኤ.አ. ግድም የተስፋፋው ሥነ ጥበብ አር ኑቮ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ሲግፍሪድ ቢንግ በ1895 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ከከፈተው መደብር ነው። በጌጣጌጥ ረገድ የዚህ ስልት ዋና ጠቢብ ሬኔ ላሊክ (1860–1945 እ.ኤ.አ.) ነበር። ላሊክ ከአልማዝ ይልቅ ቀንድን፣ ቀለም የተቀባ ብርጭቆንና ኦፓልን መርጦ ተርብንና አበባን የሚመስል ጌጥ ሠራ፤ በ1900 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ዓለም አቀፍ ትርኢትም ታላቅ ዝና አተረፈ። ከእርሱ በኋላ የመጣው በቀጥታ መስመርና በማዕዘን የሚታወቀው ስልት አር ዴኮ ይባላል፤ ስያሜው በ1925 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ከተደረገው የጌጥ ጥበባት ትርኢት የተወሰደ ቢሆንም የተለመደው ግን በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። የዘመኑ ሰዎች ቀለበታቸውን «አር ዴኮ» ብለው አልጠሩትም።

እነዚህን ስሞች መተርጐም ይገባል ወይ? «አዲስ ጥበብ» ብንል ከመቶ ዓመት በላይ ያስቈጠረ ነገር አዲስ ይመስላል። ስለዚህ የስልት ስም እንደ ተጸውዖ ስም ተቈጥሮ በድምፁ ይጻፍ፣ መጀመሪያ ሲጠቀስም በአንድ ዐረፍተ ነገር ይፍታታ የሚለው አሳብ የተሻለ ነው።

የቅርጽና የአሠራር ስሞች ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። በእነዚህ ረገድ መተርጐም ይቻላል፤ ይጠቅማልም፤ ወጥመዱም የሚበዛው እዚሁ ላይ ነው። አራት ምሳሌዎች እንመልከት።

(ሀ) ሻቶን። ፈርጡን የሚይዘው የቀለበቱ ራስ ነው። በፈረንሳይኛ በዚሁ ድምፅ የሚጠራ ሌላ ቃል የድመት ግልገል ማለት ስለሆነ የኪስ መዝገበ ቃላት የያዘ ተርጓሚ በቀለበቱ ላይ ድመት ሊያስቀምጥ ይችላል። በአማርኛ «የፈርጥ ቤት» ቢባል ነገሩን በቀላሉ ይገልጸዋል።

(ለ) ታይ ሮዝ። ከሥሩ ዝርግ፣ ከላዩ ጉብ ብሎ በብዙ ገጽ የተጠረበ አልማዝ ነው፤ የተሰየመው ካልፈነዳ የጽጌረዳ እንቡጥ ጋር በመመሳሰሉ ነው። አማርኛ «ሮዝ»ን የቀለም ስም አድርጎ ስለተዋሰው «ሮዝ አልማዝ» ብሎ የተረጐመ ሰው ሳያስበው ቀለም የሌለውን አልማዝ እጅግ ብርቅ ወደሆነ ባለቀለም አልማዝ ይለውጠዋል። «የጽጌረዳ ጠረባ» ማለት ይህን ስሕተት ያስቀራል።

(ሐ) ማርኪዝና ናቬት። ሁለቱም በሁለት ጫፍ ሹል፣ በመሐል ሰፊ ለሆነ ቅርጽ የተሰጡ ስሞች ናቸው። ማርኪዝ የመኳንንት ሚስት የማዕረግ ስም ስለሆነ ስለ ቅርጹ የሚናገረው የለም። ናቬት ግን የሸማኔ መወርወሪያ ማለት ነው። እዚህ ላይ ፈረንሳዩና ኢትዮጵያዊው በአንድ ዕቃ ላይ ተገናኝተዋል። በሽመና የታወቁት የይፋት ቆላ አርጎቦች ወደሚኖሩበት መንደር ወርዶ «መወርወሪያ የመሰለ ፈርጥ» ብሎ ለተናገረ ሰው ተጨማሪ ማብራሪያ አያሻውም። «የመወርወሪያ ቅርጽ» ብለን ብንሰይመው ቃሉ ከፈረንሳይኛው የተቀዳ ብቻ ሳይሆን በእኛም ሸማኔ እጅ ያለ ይሆናል።

(መ) ቱዋ ኤ ሟ። ሁለት ፈርጦች ጎን ለጎን የሚቀመጡበት ቀለበት ነው፤ ናፖሌዎን በ1796 እ.ኤ.አ. ለጆዜፊን የሰጣት የአልማዝና የሰንፔር ቀለበት የዚህ ዓይነት ነበር። የቃሉ ፍቺ «አንተ» ወይም «አንቺ» «እና እኔ» ነው። የፈረንሳይኛው ተውላጠ ስም ጾታ አይለይም፤ የአማርኛው ይለያል። ተርጓሚው «አንቺና እኔ» ካለ ሰጪው ወንድ ነው ብሎ ወሰነ፤ «አንተና እኔ» ካለም እንዲሁ ያልተነገረውን ተናገረ። «ጥንድ ፈርጥ» ግን ከዚህ ሁሉ ያድናል፤ የፍቅሩን ለዛ ማስቀረት ለሚፈልግ ተርጓሚም «እኔና አንቺ» በሚለው በቅንፍ ማገዝ ይቻላል።

ፈርጥ የሚያዝባቸው አሠራሮችም በቀላሉ አቻ ያገኛሉ። ድንጋዩ ዙሪያውን በብረት ጠርዝ ሲታቀፍ ፈረንሳዮች ሰርቲ ክሎ ይሉታል፤ ክፈፍ የሚለው ቃላችን እዚህ ላይ ስለሚስማማ «ባለ ክፈፍ» ይባል። በቀጫጭን ሹሎች ሲያዝ ሰርቲ ግሪፍ ይባላል፤ «ባለ ጥፍር» ከፍቺውም ከመልኩም ይገጥማል። ትናንሽ ድንጋዮች እንደ መንገድ ንጣፍ ሲደረደሩ ፓቬ ይባላል፤ «ንጣፍ ፈርጥ» ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደስተው ግን ሚልግሬን ነው። በዚያ ዘመን የፕላቲን ቀለበቶች ጠርዝ እጅግ ደቃቅ በሆኑ ነጥቦች ይጌጥ ነበር፤ ስሙም «ሺህ ቅንጣት» ማለት ነው። የደቃቆች ሁሉ ደቃቅ የሆነውን እህል በየዕለቱ የሚበላ ሕዝብ ለዚህ ቃል መበደር አያስፈልገውም፤ «የጤፍ ጠርዝ» ይበቃዋል።

5. ቍጥር ያላቸው ቃላት

ተርጓሚ በውበት ቃል ቢሳሳት አንባቢ ይታገሠዋል፤ በቍጥር ቃል ቢሳሳት ግን ገንዘብ ይጐድላል። ካራት ለዚህ ዋና ምሳሌ ነው። ቃሉ ከግሪክ በዐረብኛ በኩል ወደ አውሮፓ የተሻገረ የዛፍ ፍሬ ስም ሲሆን ዛሬ ሁለት ሥራ ይሠራል። በወርቅ ላይ ከ24 ክፍል ስንቱ ንጹሕ ወርቅ መሆኑን ይነግራል፤ 18 ካራት ማለት ከሺህ 750 ማለት ነው። በድንጋይ ላይ ደግሞ ክብደት ነው፤ በ1907 እ.ኤ.አ. በተደረሰው ዓለም አቀፍ ስምምነት አንድ ካራት 0.2 ግራም ነው። በአማርኛ የለመድነው የወርቁን ስለሆነ «ሁለት ካራት ኦፓል» የሚለውን ያነበበ ሰው ርካሽ ድንጋይ ሊመስለው ይችላል። «የጥራት ካራት» እና «የክብደት ካራት» ብሎ መለየት ያስፈልጋል።

ብርም እንዲሁ ነው። ቃሉ ማዕድንም ገንዘብም ነው፤ የአገራችን አንጥረኞችም ለረጅም ጊዜ ጌጥ የሠሩት የማርያ ቴሬዛን ብር እያቀለጡ ነው። ያ ገንዘብ ወደ 28 ግራም የሚመዝን ሲሆን ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው። በ1838 እ.ኤ.አ. በጸናው የፈረንሳይ ሕግ ግን የመጀመሪያው የብር ደረጃ 950፣ ሁለተኛው 800 ነበር። ስለዚህ «የብር ቀለበት» የሚለው ትርጉም ቍጥሩ ካልታከለበት ምሉዕ አይሆንም።

ፕላቲን ስሙን ያገኘው በስፓንኛ «ትንሽ ብር» ከሚለው ነው። በአገራችን ወለጋ ውስጥ ዩብዶ ላይ ሲወጣ የኖረ ቢሆንም በገበያ አነጋገር «ነጭ ወርቅ» ሲባል ይሰማል። ይህ ስሕተት ነው። ነጭ ወርቅ ከሌላ ብረት ጋር ተቀላቅሎ የነጣ እውነተኛ ወርቅ ሲሆን፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ወዲህ የተስፋፋውም በፕላቲን ምትክ ነው። ሁለቱን ለመለየት ፈረንሳዮች በቀለበቱ ላይ የሚመቱት ምልክት ይረዳል፤ ለ18 ካራት ወርቅ የንስር ራስ ከ1838 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ለፕላቲን የውሻ ራስ ከ1912 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይመታል። ይህንን ምልክት «ማኅተም» ማለት ከማኅተም ቀለበት ጋር ስለሚያደናግር «የጥራት ምልክት» ማለት ይመረጣል።

6. ኦፓል በመዘዞ

ኦፓል ውሃ ያዘለ ሲሊካ ነው። በውስጡ በዓይን የማይታዩ እኩል እኩል ድብልብሎች በሥርዓት ሲደረደሩ የሚገባው ብርሃን ተሰነጣጥቆ ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለም ያወጣል። የመዘዞ አካባቢ ኦፓል በዓለም ገበያ መታየት የጀመረው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ነው፤ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ በድቡልቡል ቋጥኝ መልክ የሚወጣ ሲሆን አብዛኛው ቡናማ ነው። መልኩ ቢደነቅም ብዙው እየቆየ ስለሚሰነጠቅ ገዢዎች ፈሩት። በ2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ በደቡብ ወሎ ደላንታ ወገል ጤና ላይ ሌላ ኦፓል ተገኘ፤ ይኸኛው በአብዛኛው ነጣ ያለና ውሃ የሚመጥ ነው። ውሃ ውስጥ ሲገባ ጠጥቶ ብርጭቆ ይመስላል፣ ቀለሙም ሊጠፋ ይችላል፤ ሲደርቅ ግን ይመለሳል።

እንግዲህ ነገሩን እናስተውል። «መዘዞ» እና «ወሎ» የሚሉት ስሞቻችን በውጭ ቋንቋዎች የድንጋይ ዓይነት መጠሪያ ሆነዋል። እኛ ግን ድንጋዩን ቈፍሮ ለሚያወጣው ገበሬ ስለ ድንጋዩ ጠባይ የምንነግርበት የተወሰነ አማርኛ አላሰናዳንም። በአስተርጓሚ በኩል የሚሸጥ ሰው «ውሃ የሚመጥ» እና «የሚሰነጠቅ» የሚሉት ሁለት የተለያዩ ጠባዮች መሆናቸው ካልተነገረው፣ ጤናማው ድንጋይ በነውረኛው ዋጋ ይሸጥበታል። ስያሜ እዚህ ላይ የገበሬ ጉዳይ ይሆናል።

ስለዚህ የሚከተለው ይታሰብበት። ለድንጋዩ ስም «ኦፓል» ይጽና፤ ዓለም አቀፍ ነው፤ ባገራችንም ተለምዷል። ከውስጡ ለሚወጣው ተለዋዋጭ ቀለም «ኅብር» ይባል፤ ኅብሩ ያማረ፣ ኅብር አልባ እየተባለ በቀላሉ ይረባል። ውሃ ለሚመጠው «ውሃ ጠጪ ኦፓል»፣ እየቆየ ለሚሰነጠቀው «ተሰንጣቂ ኦፓል» ይባል። ሳይጠረብ ጉብ ብሎ ለለሰለሰው፣ ፈረንሳዮች ካቦሾን ለሚሉት፣ «ጉብታ ፈርጥ» ይሁን፤ ኦፓል አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በዚህ መልክ ነውና።

7. ማጠቃለያ

ከላይ ከቀረቡት ምሳሌዎች አንድ የአሠራር ቅደም ተከተል ይገኛል። ሙያዊ ቃል ሲያስፈልግ መጀመሪያ ግእዝን መጠየቅ፤ ዕንቈ ባሕርይ እንዳስተማረን ልዩነቱ አስቀድሞ ተሠርቶ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ የእጅ ባለሙያውን፣ ሸማኔውንና ገበሬውን መጠየቅ፤ መወርወሪያና ጤፍ የተገኙት ከዚያ ነው። ሁለቱ ያልመለሱትን ከውጭ መዋስ፤ ኦፓል፣ ካራትና አር ኑቮ እንደዚህ ያሉ ናቸው። የተገኘውም ቃል ዕቃውን በእጁ ለያዘው ሰው ተነብቦ ይፈተን።

የደብረ ሲናው ትርጉም በዚህ መንገድ ተስተካክሎ እንደገና ተጻፈ፤ «በባለ ክፈፍ ቤት የተቀመጠ አንድ ጉብታ ኦፓል፣ በዙሪያው አሥራ ሁለት ግማሽ የባሕር ሉሎች» ተባለ። ሽማግሌዎቹ ይህን ሲሰሙ የሚነቀል ነገር እንደሌለ ተገነዘቡ፤ ቀለበቱ እንዳለ ለእኅቲቱ ሆኖ ለወንድምዬው ከሌላው ንብረት ማካካሻ ተሰጠው። ጥያቄውን የጠየቀው አንጥረኛ ስለ ሙያው ሌላ የሚነግረን ብዙ ቃል ሳይኖረው አይቀርም። መዝገብና እርሳስ ይዞ ወደ እርሱ መሄድ ደግሞ የእኛ ተራ ነው።